የማይዘጋና የማይንጫጫ የመቅጃ ፕሮግራም አለ ወይ?

ቀይ መብራት፦

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች።

ቤት ውስጥ ነው የምቀዳው። አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት ግብዓት ያለው የዩኤስቢ ኢንተርፌስ (ማይክና ጊታሩን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘው ሳጥን)፣ አንድ ኮንደንሰር ማይክ። ድምፅና ጊታር እቀዳለሁ፣ ከበሮና ቤዝ በፕላጊን (በመቅጃ ፕሮግራሙ ውስጥ በሚከፈት ተጨማሪ ፕሮግራም) እጨምርበታለሁ። ትልቅ ሥራ አይደለም። ኮምፒውተሩ ግን እንደ ትልቅ ሥራ ያማርራል።

አንዳንዴ ፕሮግራሙ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ዴስክቶፑ ብቻ ይቀራል። ሌላ ጊዜ ደግሞ አይዘጋም፣ ግን የቀዳሁትን መልሼ ስሰማው መሃል መሃሉ ላይ "ጠቅ፣ ጨርር" የሚል ነገር ገብቶበታል። ዘፋኟ አሳምራ የዘፈነችው ቦታ ላይ ሲሆን ደግሞ ያንገበግባል።

ፕሮግራም ቀየርኩ። አዲሱም ያው ነው። የሁለቱንም ስም አልጠራም፣ እዚህ ቤት የስም ጦርነት በምን እንደሚጀመር አውቃለሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፦ በቤት ኮምፒውተር ላይ ሳይዘጋና ሳይንጫጫ የሚሠራው የትኛው ነው?

ሪፐርተኛ፦

ሪፐር። ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ አያስቸግርም። 60 ቀን ሙሉውን በነፃ ሞክረው። ጨርሻለሁ።

ፖም ነክሼ፦

ማክ ግዛና ተገላገል።

ጥቁር ገመድ፦

ወንድሜ ቀይ መብራት፣ ከላይ ያሉትን ሁለቱን ለጊዜው እለፋቸው። (ሪፐርተኛ አትቀየመኝ፣ እኔም የምሠራው በሪፐር ነው።)

አንድ ችግር ብለህ የጻፍከው ሁለት የተለያየ በሽታ ነው። ፕሮግራሙ መጥፋቱ አንድ፣ ድምፁ መቆራረጡ ሌላ። ምንጫቸው አይገናኝም፣ መድኃኒታቸውም አይገናኝም። አንድ ላይ ልታክማቸው ከሞከርክ ፕሮግራም ስትቀያይር ትኖራለህ።

መዘጋት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ኮድ የእሱ ያልሆነ የሜሞሪ ቦታ ነካና ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ፕሮግራሙን ገደለው ማለት ነው። ያንን የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ዋናው ፕሮግራም ሳይሆን ውስጡ የከፈትከው ፕላጊን ነው። በአብዛኞቹ ፕሮግራሞች ፕላጊኑና ባለቤቱ አንድ ጣሪያ ሥር ነው የሚኖሩት። አንዱ ግድግዳውን ሲገፋው ጣሪያው የሚወድቀው በሁሉም ላይ ነው።

መቆራረጥ ደግሞ የጊዜ ጉዳይ ነው። ኮምፒውተሩ ድምፅን የሚሠራው በትንሽ በትንሹ እየቆረሰ ነው። ያቺ ቁራሽ በፈር ትባላለች። በፈርህ 128 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና) ቢሆንና በ48 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 48,000 ሳምፕል ብትቀዳ፣ እያንዳንዷን ቁራሽ ሠርቶ ለማስረከብ ያለው ጊዜ 2.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። በሰከንድ 375 ጊዜ ማለት ነው። አንዷን እንኳ ካዘገየ "ጠቅ" ትሰማለህ። በፈሩን ወደ 1024 ብታሳድገው ወደ 21 ሚሊሰከንድ ያገኛል፣ ተንፈስ ይላል። በምትኩ ዘፋኟ በጆሮ ማዳመጫዋ ራሷን ዘግይታ ትሰማለች።

ስለዚህ ንገረኝ። ሲዘጋ ምን እያደረግህ ነበር? ሲቆራረጥስ ፕሮጀክቱ በትራክ የተሞላ ነበር ወይስ ባዶ ማለት ይቻላል? ድራይቨርህ (ኢንተርፌሱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም) ምንድን ነው?

ቀይ መብራት፦

እሺ፣ እንዲህ ለይቼ አስቤው አላውቅም።

የሚዘጋው በአብዛኛው አንድ የሲንተሳይዘር ፕላጊን መስኮት ስከፍት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ፕሮጀክቱን ዘግቼ ልወጣ ስል። የሚንጫጫው ግን አንድ የድምፅ ትራክ ብቻ ከፍቼም ቢሆን ነው። በፈሬ 256 ነው። ሲፒዩው ደግሞ ከ25 በመቶ አያልፍም፣ ግራ ያጋባኝም እሱ ነው። ድራይቨሩ አሲዮ ፎር ኦል ነው።

ዝም ያለ ትራክ፦

አሲዮ ፎር ኦል ስትል ቆም አልኩ። እሱ የኢንተርፌስህ ድራይቨር አይደለም። ከሥር የዊንዶውስን የራሱን የድምፅ መንገድ እየተጠቀመ፣ ለፕሮግራሙ ግን "አሲዮ ነኝ" የሚል መጠቅለያ ነው። በላፕቶፑ በራሱ የድምፅ ካርድ ለሚሠራ ሰው ባለውለታ ነው፣ አልሰድበውም። የኢንተርፌስህ አምራች የራሱን የአሲዮ ድራይቨር ካወጣ ግን እሱን ከገጹ አውርደህ ጫን። ኩቤዝ የሚባለውን የመቅጃ ፕሮግራም የሚሠራው ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1997 አሲዮን ያወጣው እኮ ፕሮግራሙ በዊንዶውስ ሚክሰር በኩል ሳይዞር ከካርዱ ጋር በቀጥታ እንዲነጋገር ነው።

25 በመቶው አያጽናናህ። ያ ቁጥር የሁሉም ኮሮች (ፕሮሰሰሩ ሥራ የሚከፋፍልባቸው ክፍሎች) አማካይ ሊሆን ይችላል። አንድ ትራክ ላይ የደረደርካቸው ፕላጊኖች ግን ተራ እየጠበቁ ነው የሚሠሩት፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ያወጣው ነው ለሁለተኛው የሚገባው። ለብዙ ኮር ሊከፋፈሉ አይችሉም። ስምንት ኮር ካለህ አንዱ ታንቆ ሰባቱ እጃቸውን አጣጥፈው ሊያዩት ይችላሉ። አማካዩ ያኔም ዝቅ ያለ ነው።

ሌላም አለ። ቀዩን ቁልፍ ተጭነህ ለመቅዳት ያዘጋጀኸው ትራክ ከሌሎቹ ይከብዳል። ሪፐርም ኩቤዝም ቀድሞ የተቀዳውን ትራክ ፈጠን ብለው አስቀድመው ይሠሩታል፣ የሚመጣውን ስለሚያውቁት። ከማይክ የሚመጣውን ግን ማን ያውቃል? እሱ የግድ በሰዓቱ መሠራት አለበት፣ የሚያልፍበት ማስተርም (ሁሉም ትራክ የሚገናኝበት የመጨረሻ መውጫ) አብሮት። እዚያ ላይ እንደ ሊሚተር ወይም ሊኒየር ፌዝ ኢኪው ያለ ከባድ ፕላጊን ካስቀመጥክ በቅጂ ሰዓት አጥፋው። ሚክስ ስታደርግ መልሰው።

ፖም ነክሼ፦

እኔ ማክ ያልኩት በጉራ አይደለም። ይሄን ሁሉ ጣጣ አንብባችሁታል? አሲዮ፣ መጠቅለያ፣ ድራይቨር... ማክ ላይ ኮር ኦዲዮ የሚባለው የድምፅ ሥርዓት ከሲስተሙ ጋር አብሮ ነው የተሠራው። ብዙ ኢንተርፌስ ስትሰካው ይሠራል፣ አለቀ። ድራይቨር ፍለጋ የለም።

ጥቁር ገመድ፦

ኮር ኦዲዮ ላይ አልከራከርህም፣ የተሻለ ነው። ግን ሙሉውን እንናገር እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2019 ካታሊና የሚባለው የማክ ሲስተም ሲወጣ 32 ቢት የሆነ ነገር ሁሉ መሥራት አቆመ። በ64 ቢት ያልታደሱ ፕላጊኖች በአንድ አፕዴት ሞቱ። የድሮ ፕሮጀክት የከፈተ ሰው ግማሹ ትራክ ዝም ብሎ ጠበቀው። ከ2020 ወዲህ ደግሞ አፕል የራሱን ቺፕ ሲያመጣ ለኢንቴል የተጻፈው ሁሉ ሮዜታ በሚባል መተርጎሚያ በኩል ነው የሚሄደው። ዊንዶውስ ያረጀ ነገር መሸከም ይወዳል፣ ማክ ያራግፋል። ሁለቱም በራሳቸው መንገድ ያስለቅሳሉ።

ወደ ቀይ መብራት ልመለስ። አንድ ትራክ ላይ እንኳ ከተንጫጫ ፕላጊንን መጠርጠር ትተህ ወደ ሲስተሙ ውረድ። ዊንዶውስ ላይ የዋይፋይ ካርድ፣ የግራፊክስ ካርድ፣ የባትሪ መቆጣጠሪያ፣ ሁሉም ድራይቨር አላቸው። እነዚህ ድራይቨሮች አንዳንዴ "አንዴ ቆይ" ብለው ፕሮሰሰሩን ይይዙታል። በዚያች ቅጽበት የድምፅ ፕሮግራምህ ምንም ያህል ቢቸኩል አይሰማም። ጨዋ ድራይቨር በማይክሮሰከንዶች ጨርሶ ይወጣል። ባለጌው ብዙ ሚሊሰከንድ ይይዘዋል። በፈርህ 256 ከሆነ ያለህ 5.3 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፣ ስሌቱን ራስህ ሥራው።

ሌተንሲሞን የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ከፍተህ ሩብ ሰዓት ያህል ተወው፣ ከዚያ የድራይቨሮቹን ዝርዝር በቆይታ ጊዜ ደርድረው። ከላይ የተቀመጠውን ስም ጻፍልን።

አዲስ ገቢ፦

ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። እኔም እንደሱ ይዘጋብኛል። ክራክ የሆነ ፕላጊን ምክንያት ሊሆን ይችላል? ለጓደኛዬ ነው :)

ዝም ያለ ትራክ፦

ለጓደኛህ ንገረው፣ ይችላል።

ክራክ ማለት አንድ ማንነቱን የማታውቀው ሰው የፕላጊኑን ኮድ ከፍቶ የፈቃድ ማረጋገጫውን ቆርጦ ያወጣበት ማለት ነው። አንዳንድ ፕላጊን ሠሪዎች ማረጋገጫውን አንድ ቦታ ብቻ አያስቀምጡትም፣ እዚህም እዚያም ይበትኑታል። ቆራጩ አንዱን ከረሳ ፕላጊኑ ሲከፈት ደህና ሆኖ ሥራ መሃል ላይ ይወድቃል። ደግሞ አፕዴት የለውም፣ የምትከሰውም የለም። ቫይረሱን ገና አላነሳሁም።

ለጀማሪ ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጡት ኢኪው፣ ኮምፕረሰርና ሪቨርብ ይበቃሉ። የሪፐር አብሮ መጥ ፕላጊኖች መልካቸው ያስጠላል እንጂ ሲወድቁ አይቼ አላውቅም።

አሁን ስለ መዘጋቱ። ቀይ መብራት፣ አንተ ዕድለኛ ነህ፣ ተጠርጣሪህ ታውቋል። ያንን ሲንተሳይዘር ለብቻው ክፍል ስጠው። ሪፐር ላይ በፕላጊን ዝርዝሩ ውስጥ በቀኝ ተጫነውና በተለየ ፕሮሰስ እንዲሠራ እዘዘው። ከዚያ በኋላ ሲወድቅ ራሱን ብቻ ይዞ ይወድቃል፣ አንተ መቅዳትህን ትቀጥላለህ። ኤፍኤል ስቱዲዮ ላይ "ሜክ ብሪጅድ" የሚለው ምርጫ ተመሳሳይ ነው። ቢትዊግ ይሄንን ከመጀመሪያው አስቦበት የተሠራ ነው፤ ሁሉንም ፕላጊን አንድ ላይ፣ ወይም እያንዳንዱን ለየብቻ ማስቀመጥ ትችላለህ። እርግጥ ለየብቻ ሲሆን ራምና ሲፒዩ ትንሽ ይበላል። ሁሉንም አታድርግ፣ ጥፋተኛውን ብቻ።

ኩቤዝ ላይ ሆነህ ጭራሽ አልከፈት ካለህ ደግሞ፣ ሲነሳ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኦልት አንድ ላይ ያዝ። ሴቲንጎቹን ወይም ከውጭ የመጡትን ፕላጊኖች ትቶ እንዲነሳ የሚጠይቅ መስኮት ያመጣልሃል።

ጥፋተኛውን ለማያውቅ ሰው አሰልቺ ግን የሚሠራ ዘዴ አለ። የፕላጊን ፎልደሩን ግማሽ ወደ ሌላ ቦታ አውጣ። ከተዘጋ ጥፋተኛው የቀረው ግማሽ ውስጥ ነው፣ ካልተዘጋ ያወጣኸው ውስጥ። እንደገና ግማሽ። መቶ ፕላጊን ቢኖርህ ቢበዛ በሰባት ዙር ትይዘዋለህ።

ሪፐርተኛ፦

እኔ በአንድ ቃል የመለስኩትን እናንተ በሃያ አንቀጽ ደረሳችሁበት። ሪፐር።

ፔንግዊን፦

ሊኑክስ ስላልተነሳ እኔ ላንሳው። አርደር የሚባለው የመቅጃ ፕሮግራም ከሊኑክስ ጋር ጥሩ ነው። ድሮ ለድምፅ ሥራ የተለየ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) መጫን ነበረብህ። ወደ 20 ዓመት ገደማ ከውጭ ሲለጠፍ የኖረው የሪል ታይም (ሥራን በሰዓቱ የሚያስጨርስ) ኮድ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በ6.12 ከርነል ውስጥ በይፋ ገባ። ፓይፕዋየር በሚባለው የድምፅ ማስተላለፊያ ደግሞ ብሮውዘሩም የመቅጃ ፕሮግራሙም አንድ ካርድ ላይ ተስማምተው ይሠራሉ። ችግሩ ኢንተርፌስህ ነው። ዩኤስቢ ክላስ ኮምፕላያንት ከሆነ፣ ማለትም የዩኤስቢን የጋራ ደንብ ከተከተለ፣ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ይሠራል። ካልሆነ አልዋሽህም፣ ተወው። ብዙ የሚሸጡ ፕላጊኖችም ለሊኑክስ አይመጡም።

ቀይ መብራት፦

ሌተንሲሞንን አስሮጥኩት። ቀይ በቀይ ሆነ። ከላይ የተቀመጠው ከኔትወርክ ጋር የተያያዘ ድራይቨር ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ኤሲፒአይ (የኃይልና የባትሪ መቆጣጠሪያው) የሚል።

ግን እሱን ልነግራችሁ ስገባ ሌላ ጉድ መጣ። ዛሬ እየቀዳን ፕሮግራሙ ተዘጋ። ዘፋኟ ሙሉውን ዘፈን በአንድ ትንፋሽ ነበር የጨረሰችው። እንደገና ዝፈኚ ብላት አትሰማኝም፣ እውነቷን ነው። ፎልደሩ ውስጥ ዌቭ ፋይሉ አለ፣ መጠኑም ትልቅ ነው፣ ስከፍተው ግን ርዝመቱን ዜሮ ሰከንድ ይለኛል። ጠፋ ማለት ነው?

ጥቁር ገመድ፦

አልጠፋም! ምንም አትንካ። በዚያ ዲስክ ላይ ሌላ ነገር አትቅዳ። ፋይሉን ኮፒ አድርገህ በኮፒው ላይ ብቻ ሥራ።

የሆነው እንዲህ ነው። ዌቭ ፋይል መጀመሪያው ላይ ትንሽ መግቢያ አለው። "የድምፁ ዓይነት ይሄ ነው፣ ርዝመቱ ይሄን ያህል ነው" የሚል። ብዙ ፕሮግራሞች ርዝመቱን የሚሞሉት ቅጂው ሲያልቅ ነው። በመሃል ከሞቱ መግቢያው ላይ ዜሮ ይቀራል። ድምፁ ግን ሲቀዳ ወዲያው ዲስክ ላይ ተጽፏል። መጠኑን አይተህ ማረጋገጥ ትችላለህ፤ 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ ሞኖ ከሆነ በደቂቃ 8.64 ሜጋባይት ይሆናል። ፋይልህን ለዚያ አካፍለው።

ኦዳሲቲን ክፈት፣ ነፃ ነው። ከፋይል ማውጫው ኢምፖርት፣ ከዚያ "ራው ዴታ" የሚለውን ምረጥ። ይሄ መግቢያውን ሳያምን ጥሬውን ባይት እንደ ድምፅ ያነባል። 24 ቢት ሳይንድ ፒሲኤም፣ ሊትል ኢንዲያን፣ አንድ ቻናል፣ 48000 በለው። መነሻውን 44 ባይት አድርገው። ሁሉም ነገር ጩኸት ብቻ ከሆነ አትደንግጥ። 24 ቢት ማለት ለእያንዳንዱ ሳምፕል 3 ባይት ነው፣ የምትነሳበት ቦታ በአንድ ባይት ከተዛነፈ ሁሉም ይዛነፋል። 45ን ሞክር፣ ከዚያ 46ን። ከሦስቱ አንዱ የግድ ይገጥማል።

ዝም ያለ ትራክ፦

ከዚያ በፊት ግን ፕሮግራሙን ራሱን እንደገና ክፈተው። አንዳንዱ ያልተጠናቀቀ ቅጂ ሲያገኝ ራሱ ይጠግነዋል። ኤብልተን ላይቭ ከወደቀ በኋላ ሲነሳ ልመልስልህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ፕሮ ቱልስ "ሴሽን ፋይል ባክአፕስ" የሚል ፎልደር ውስጥ የቆዩ ቅጂዎችን ያስቀምጣል፣ ኩቤዝ ደግሞ "bak" የሚል ቅጥያ ያለው መጠባበቂያ ፋይል ይጽፋል። እነዚህ የሚመልሱት የፕሮጀክቱን ቅንብር ነው እንጂ ድምፁን አይደለም፣ እንዳትደናገር። ድምፁ ሁሌም ዌቭ ፋይሉ ውስጥ ነው።

ቀይ መብራት፦

መጣች!!! ሙሉ ዘፈኑ አለ። በ45 ነው የገጠመው። መጀመሪያው ላይ አጭር "ጨርር" አለችው፣ ቆርጬ ጣልኳት። ጥቁር ገመድ፣ እጅህ ይባረክ። ዘፋኟም አመስግንልኝ ብላለች።

አዲስ ገቢ፦

ይሄን ክር ሴቭ አደረግኩት።

የድሮ ሪል፦

ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ቴፕ ስንቆርጥና ስንቀጥል የጀመርኩ ሰው ነኝ። ቴፕ ስላልዘጋብን የተሻለ ነበር ልላችሁ አይደለም፤ ይበላ ነበር፣ ይበጠስ ነበር፣ ያረጅ ነበር። አንድ ነገር ግን ነበረው። የቴፕ ማሽኑ ኢሜይል አያነብም።

በላፕቶፓችሁ ላይ ድምፅ ትቀዳላችሁ፣ በዚያው ላይ ፊልም ታያላችሁ፣ ብሮውዘሩ ሠላሳ ታብ ተከፍቶበታል፣ ስልካችሁ በብሉቱዝ ተያይዟል፣ አንቲቫይረሱ የምትቀዱትን ፋይል በየሰከንዱ ልፈትሽ ይላል። ከዚያ ፕሮግራሙ መጥፎ ነው ትላላችሁ።

ስቱዲዮ ውስጥ የምናደርገውን ልንገራችሁ። አንድ ሥራ ተጀምሮ እስኪያልቅ ድረስ በማሽኑ ላይ ምንም አፕዴት አይደረግም። ሲስተሙም፣ ፕሮግራሙም፣ ፕላጊኑም። ሥራው ካለቀ በኋላ መጀመሪያ ሙሉውን ዲስክ ኮፒ እናደርጋለን፣ ከዚያ እናድሳለን፣ ከዚያ የድሮ ፕሮጀክት ከፍተን እንፈትሻለን። አዲስ የወጣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም በወጣበት ሳምንት የሚጭን የድምፅ ሰው አላውቅም። ካለም ሥራ የለውም።

ስለ አስተማማኝነት ካነሳችሁ ደግሞ ዛሬ አለመዘጋቱ ግማሹ ብቻ ነው። ከዓመታት በኋላ ይከፈታል ወይ? ኬክዎክ የሚባለውን የመቅጃ ፕሮግራም አስታውሱ። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የነበረ ስም ነው። በ2017 ኅዳር ወር አካባቢ ባለቤቱ ጊብሰን ልማቱን አቆምኩ አለ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ፕሮጀክት እዚያ ውስጥ ነበር። በ2018 ባንድላብ ገዝቶ በነፃ አወጣውና ተረፈ። ሁሉም ግን እንደዚያ አይተርፍም። ስለዚህ ያለቀ ሥራ ሁሉ፣ እያንዳንዱ ትራክ ከዘፈኑ መጀመሪያ ነጥብ ተነስቶ ዌቭ ሆኖ ይውጣ። አንድ ጊዜ ከነኢፌክቱ፣ አንድ ጊዜ ደረቁን። ቴምፖውን በጽሑፍ አስቀምጡ። ዌቭ የማይከፍት ፕሮግራም የለም።

ፖም ነክሼ፦

ጋሼ ሪል፣ እርስዎ በገቡበት ክር ላይ ከዚህ በላይ አልከራከርም። አንድ ጥያቄ ግን፣ ኢንተርኔቱንም ሁሌ ይቆርጡታል?

የድሮ ሪል፦

በቅጂ ሰዓት፣ አዎ። አንዳንድ ፕላጊን ፈቃዱን በኢንተርኔት ልፈትሽ ይላል፣ እሱን ቀደም ብዬ ከፍቼ አስጨርሰዋለሁ። ደንበኛ ማይክ ፊት ቆሞ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ፕላጊን እንዳያጋጥምህ ልጄ።

ቀይ መብራት፦

ጋሼ አመሰግናለሁ። ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

የአምራቹን ድራይቨር ጫንኩ። ዋይፋዩን ከዲቫይስ ማኔጀር አጠፋሁት። ሌተንሲሞን አረንጓዴ ሆነ። በ256 ያለ ምንም ጠቅታ ቀዳሁ። ሲንተሳይዘሩንም ለብቻው አስቀመጥኩት፣ ትናንት ወደቀ፣ ፕሮግራሙ ግን ንቅንቅ አላለም። መስኮቱ ብቻ ባዶ ሆነ።

ግን አልጨረስኩም። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ሆኖ ሰላም ነው። ስነቅለው ጠቅታው ይመለሳል። በቻርጀር ስቀዳ ደግሞ ጊታሩ ላይ ቀጭን "ዚዚዚ" የሚል ድምፅ ስለሚገባ መንቀል እፈልጋለሁ።

ጥቁር ገመድ፦

የመጀመሪያው የኃይል ቁጠባ ነው። በባትሪ ሲሆን ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሥራ ሲመጣ ቀስ ብሎ ይነሳል። ለድምፅ ያ "ቀስ ብሎ" ራሱ ረጅም ነው። ፓወር ኦፕሽን ውስጥ ሃይ ፐርፎርማንስን ምረጥ። ከዚያ በላቁ ምርጫዎች ውስጥ በባትሪ የፕሮሰሰሩን ዝቅተኛ መጠን 100 በመቶ አድርገው፣ "ዩኤስቢ ሴሌክቲቭ ሰስፔንድ" የሚለውንም አጥፋው። እሱ ሥራ የፈታ የመሰለውን የዩኤስቢ ዕቃ ያስተኛል። ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ እሱን ቻለው። በባትሪ ጭራሽ የማይፈጥኑ ላፕቶፖችም አሉ፣ አምራቹ ራሱ ስለገደባቸው። ያንተ ከነሱ ከሆነ ሴቲንግ አያድነውም።

ዝም ያለ ትራክ፦

"ዚዚዚ"ው የሶፍትዌር ጉዳይ አይደለም፣ የግራውንድ ሉፕ (በምድር መስመሮች በኩል የሚዞር ረብሻ) ነው የሚሸተው። ቻርጀሩ ባለ ሦስት እግር ከሆነና ሌላ መሣሪያም በራሱ መሰኪያ ላይ ካለ፣ ሁሉንም ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካቸው። የምድር መስመሩን ቆርጠህ ጣለው የሚል ምክር ካገኘህ እንዳትሰማ፣ ሰው ይገድላል። ጊታሩን ከላፕቶፑ ራቅ አድርገውም ሞክር፣ ሲንግል ኮይል ፒካፕ (ባለ አንድ ጥቅልል የጊታር ድምፅ መቀበያ) ከሆነ ስክሪኑም ቻርጀሩም ይሰማዋል።

ኢንተርፌሱንስ በሃብ በኩል ነው የምትሰካው?

ቀይ መብራት፦

በሃብ ነው። ማውሱ፣ ኪቦርዱ፣ ኤክስተርናል ዲስኩ፣ ሁሉም እዚያው ላይ።

ዝም ያለ ትራክ፦

አውጣው። ኢንተርፌሱ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ፣ ሌላው የፈለገው ቦታ ይሁን።

አዲስ ገቢ፦

የመጨረሻ ጥያቄ፣ ከዚያ ዝም እላለሁ። የፕሮጀክት ፎልደሬ ከክላውድ ጋር በራሱ የሚገናኝ ቦታ ላይ ነው ያለው። ባክአፕ ስለሚሆን ጥሩ አይደል?

ጥቁር ገመድ፦

ባክአፑ ጥሩ ነው፣ ቦታው መጥፎ ነው። አንተ እየቀዳህ እሱ ያንኑ ፋይል ልጫን ብሎ ሲይዘው ይጋጫሉ። ይባስ ብሎ አንዳንዱ ቦታ ለመቆጠብ ፋይሉን ከዲስክህ አንስቶ ስሙን ብቻ ያስቀምጥልሃል፣ ፕሮጀክቱን ስትከፍት ከኢንተርኔት ሊያወርድ ይጀምራል። ዲስክህ ላይ ከክላውድ ውጭ የሆነ ፎልደር አበጅና እዚያ ቅዳ። ማታ ሥራ ስትጨርስ ኮፒውን ወደ ክላውዱ ላክ። አንቲቫይረሱም ያንን የመቅጃ ፎልደር እንዲዘለው አድርግ።

ኤክስተርናል ዲስክ ላይ የምትቀዳ ከሆነ ደግሞ ፎርማቱን እይ። ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ተራው ዌቭም ራሱ እዚያው 4 ጊጋባይት ላይ ይቆማል። ረጅም ኮንሰርት ለመቅዳት አርኤፍ 64 የሚለውን የፋይል ዓይነት ምረጥ። ለአንድ ዘፈን አትጨነቅ።

አዲስ ገቢ፦

ለጓደኛዬ እነግረዋለሁ :)

ቀይ መብራት፦

ከሃብ አውጥቼው፣ ፓወሩንም አስተካክዬ በባትሪ ቀዳሁ። ጠቅታ የለም። "ዚዚዚ"ውም በቻርጀር ጊዜ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ቀንሷል፣ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ለጊታሩ በባትሪ፣ ለድምፁ በቻርጀር እሠራለሁ።

የሲንተሳይዘሩ አምራች ጋርም ጽፌ የወደቀበትን ሪፖርት ፋይል ላክሁላቸው። አዲስ ቨርዥን እየሠራን ነው አሉኝ።

ሪፐርተኛ፦

በስተመጨረሻ በምን ፕሮግራም ነው የምትሠራው?

ቀይ መብራት፦

መጀመሪያ በነበርኩበት። ስሙን ግን አልነግርህም።